የአሥረኛው ጠርሙስ ውሃ

የትምህርት ቤቱን ላብራቶሪ ሠራተኛ ልጆቹ «እትዬ ቀስ» ይሏታል። ብርጭቆ ሲያነሱ «ቀስ»፣ ሲያስቀምጡ «ቀስ»፣ ሲያስነጥሱ እንኳ «ቀስ» ስለምትላቸው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ልጅ ጣቱን አላቃጠለባትም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ታወራዋለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ትናንት ሳታጥብ ትታው የሄደችውን ዕቃ ልታጥብ የዕቃ ክፍሏን ስትከፍት፣ ከመታጠቢያው አጠገብ ተለክቶ የተቀመጠ አንድ ብርጭቆ ውሃ አየች። ልትደፋው አነሳችውና እጇ ባለበት ቀረ። አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ነከረችበት። ወረቀቱ ቀለሙን አልለወጠም፤ አሲድ ያልነካው ንጹሕ ውሃ ነበር።

ትናንት ለአሥረኛው ጠርሙስ የለካችው ውሃ ነው።

ሶዳ ላይ አሲድ ለሚንጠባጠብበት ለዛሬው ሙከራ አሥር ጠርሙስ ሰልፈሪክ አሲድ በርዛ ማዘጋጀት የእሷ ሥራ ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ውሃው ይቀድማል፣ አሲዱ በጥቂት በጥቂቱ ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ጠርሙሱ ይገለበጣል፣ ወረቀት የሚለጠፍበት በመጨረሻ ነው። እሷ ግን ሥራው እንዲያጥርላት ብላ ትናንት ጠዋት «ብርዝ አሲድ» የሚለውን ወረቀት ባዶዎቹ ጠርሙሶች ላይ ለጠፈች፤ በቅጹም ላይ አሥሩንም «ተዘጋጅቷል» ብላ ፈረመች። ከሰዓት በኋላ ያልተበረዘውን አሲድ ከትልቁ ጠርሙስ እየደጋገሙ መቅዳት ሲሰለቻት፣ ከአሥሩ ወደ አንዱ ገልብጣ መቅጃ አደረገችው፤ መጨረሻ ላይ አጥባ ልትሞላው። ዘጠኙን ጨርሳ የአሥረኛውን ውሃ ለክታ ሳለ ባሏ ደወለ። የሕፃን ልጃቸው ትኩሳት ጨምሯል። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ እስከ ወገባቸው የሞሉ፣ ወረቀት የተለጠፈባቸው አሥር ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ቆመው አየች። ከደነቻቸው፣ ወደ መማሪያው ክፍል አስገባቻቸውና እግሬ አውጪኝ አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችውን ማን እንደሚለቅመው ማሰብ ግን ፈራች። አንድ ጠብታ አንድ ዓይን ለማጥፋት ይበቃል።

ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል። በኮሪደሩ እየሮጠች ሰበብ ፈለገች። «ወረቀቱ ተላጠ ብዬ ብሰበስባቸውስ?» አለች በልቧ። ማንም አያውቅባትም። ግን እሷ ሰበብ ስትደረድር ልጆቹ ማንጠባጠብ ቢጀምሩስ? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።

በሩን ስትከፍት የኬሚስትሪው መምህር ሊያሳዩአቸው ቴስት ቲዩቡ ላይ ጎንበስ ብለዋል። በመስኮቱ በኩል ያለች አንዲት ልጅ ደግሞ የመከላከያ መነጽሯ በላብ ደብዝዞባት ወደ ግንባሯ ገፍታዋለች፤ መምህሩን ቀድማ ማንጠባጠቢያውን ሶዳው ላይ ይዛለች።

«እጃችሁን አንሱ። ማንም ጠርሙስ እንዳይነካ» አለች እትዬ ቀስ። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

መምህሩ ቀና አሉ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ከአሥሩ በአንዱ ውስጥ ያለው ያልተበረዘ ነው፣ መምህር። በየትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሳልሞላቸው ነው የለጠፍኩባቸው።»

ከኋላ አንዱ «ቀስ» አለ፤ ሳቅ ተነሳ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሳትሞዪ ለጠፍሽ? አንቺ?» አሉ መምህሩ። ከሳቁ ይልቅ ይህች «አንቺ» ዘልቃ ተሰማቻት።

ልጆቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እትዬ ቀስ ጓንትና መነጽር አደረገች፤ ስኳር አምጥታ በየሳህኑ ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ አኖረች። ያልተበረዘ አሲድ ስኳርን ያከስለዋል፤ ብርዙ ግን ያረጥበዋል እንጂ ሌላ አያደርገውም። ያልተበረዘው ከበድ እንደሚል ታውቃለች፤ እጇን ግን እንደ ሚዛን አላመነችውም።

በመስኮቱ በኩል ካለችው ልጅ ጀመረች። አንድ ጠብታ ጣለችና እስከ ስልሳ ቆጠረች። ነጭ ነው። ሁለተኛው ነጭ፣ ሦስተኛው ነጭ። ስድስተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። በዘጠኙም የልጆች ጠረጴዛ ላይ ስኳሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይኸው የለም። በከንቱ ልጆቹን አስደነገጥሽ፤ ክፍለ ጊዜውም አለቀ።»

«አንድ ይቀራል።»

«የኔን ተዪው። ቅድም ከፍቼ አሳይቻቸዋለሁ፣ ምንም የለውም።» ይህን ሲሉ የራሳቸው መነጽር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

የመጨረሻውን ሳህን ወደ ጠርሙሳቸው ሳበች። ከጠርሙሳቸው አንድ ጠብታ ስኳሩ ላይ ጣለች። ስኳሩ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያም ጠቆረና ያብጥ ጀመር። የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከልጆቹ የሳቀ የለም።

መምህሩ ጥቁሩን ስኳር አዩ፤ ፊታቸውን አስጠግተውት የነበረውን ቴስት ቲዩብም አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከመሳቢያቸው ቅጹን አወጡ።

«አሥሩንም ተዘጋጅቷል ብለሽ ፈርመሻል» አሉ።

«አዎ።»

ጣታቸው ወደ ታች ወረደና «ያረጋገጠው» የሚለው መስመር ላይ ቆመ። ልጆቹ እየሰሙ ነው። ድምፃቸውን ግን አልቀነሱም።

«እኔስ?»

«እርስዎም ፈርመዋል፣ መምህር» አለች እትዬ ቀስ። «ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ። ጠርሙሶቹ ገና ባዶ ነበሩ።»