የግራ እጅ ጣቶች

ከሪማ ጣቷን የጥቁሩ ጊታር አንገት ላይ አሳርፋ የብረቱን ክር ወደ እንጨቱ ተጫነችው። ቀጥላ ሌላውን ክር።

"ያማል?" አላት ባለሱቁ በአረብኛ። ሀጎፕ ይባላል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል፣ እዚሁ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ተወልዶ ያረጀ አርመናዊ ነው።

"አያምም።"

"በደንብ ተጫኚው፣ ማዳም። ጀማሪን የሚያባርረው የብረት ክር ነው።"

"ተጫንኩት እኮ። ምንም የለውም።"

አብራት የመጣችው የክፍል ደባሏ ሀረገወይን ከኋላ ሳቀች። "ሰማሽ፣ ማዳም አለሽ! እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወለሉን ማን ሊወለውልልሽ ነው?"

ቀልዱ ለከሪማ ገብቷታል፤ ሳቁ ግን ከሆዷ አልመጣ አላት። በጦርነቱ ጊዜ ድሮን ከላይ እያንዣበበ ከከተማው ደቡብ ሰፈር ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሌሊት በእግሯ ከወጣች ወዲህ ደስታውም ንዴቱም ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ የጎረቤት ወሬ ሆኖባታል። እሷስ ትሁን፤ ትልቅ ሰው ናት። የሚያስፈራት አጠገቧ የቆመችው የልጇ የመርየም ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። "ራበሽ?" ሲሏት "እንደፈለግሽ"፤ "በረደሽ?" ሲሏት "እንደፈለግሽ"። ባለፈው ትኩስ ካውያ ክንዷን ሲያቃጥላት እንኳ "እህ" አላለችም። ከሪማ ያወቀችው እጅጌዋ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ስታየው ነው።

ከሪማ እሁድ እሁድ ፊደል የምትማርበት ማዕከል ውስጥ አንድ አሮጌ ጊታር ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እሷ ሰሌዳው ላይ ስታፈጥ መርየም ተነስታ ክሩን በአንድ ጣቷ ነካችው። ደግማ ነካችው። ይኸው ነው። ከሪማ ግን ያንን ንክኪ ሳምንቱን ሙሉ ይዛው ዞረች፤ ደረጃ ስታጥብም፣ አውቶቡስ ስትጠብቅም።

"ጥቁሩ ይሻላል" አለች አሁን። ያብለጨልጫል፤ ድምፁም ጠንካራ ነው። "ያኒ፣ ከተገዛ አይቀር..."

"ለማን ነው የሚገዛው? ለአንቺ ነው ለልጅቷ? እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።"

ዘረጋችለት። የጣቶቿ ጫፍ በክሎርና በፈላ ውሃ ተላልጦ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ተላልጦ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል። ሀጎፕ በጥፍሩ ጫን አለው።

"ይሄ ይሰማሻል?"

"አይ።"

"እንግዲህ ያንቺ ጣት መምረጥ አይችልም" አለና ጥቁሩን ጊታር ለመርየም አቀበላት።

ልጅቷ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በግራ እጇ ክሩን ስትጫን ቅንድቧ ተሰበሰበ። ጣቷን አንስታ አየችው፤ ቀይ መስመር ወጥቶበታል።

"ያማል" አለች።

ሀረገወይን የከሪማን ክንድ ጨበጠች። "ሰማሻት?"

"ሰማሁ።"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ሲጠብቁት የከረሙት እንግዳ ደጃፍ ደርሶ የሚቀመጥበት ያጡለት ዓይነት ነገር ነው።

መርየም ጥቁሩን መልሳ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። "ያንን ልሞክር።" ጎኑ የተፋቀ፣ ቡናማ፣ የናይለን ክር ያለው ጊታር ነው።

"ኧረ እሱማ ሰው የተገለገለበት ነው፣ የኔ እናት" አለች ከሪማ።

መርየም ተቀብላ ተጫነችው። "ይሄኛው ትንሽ ብቻ ነው የሚያመው። ይሄን ነው የምፈልገው፣ እማ።"

"ጎበዝ፣ አወቀችበት" አለ ሀጎፕ። "ናይለኑም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ያማታል። ከዚያ የጣቷ ጫፍ ይደነድናል፤ ኸላስ፣ ምንም አይሰማትም።" ከሪማን ቀና ብሎ አያት። "እንደ አንቺ።"

ከሪማ የከፈተችውን ቦርሳ ዘጋችው። "ተዪው፣ እንሂድ" አለቻት ልጇን በአማርኛ።

"ምን ነካሽ?" አለች ሀረገወይን።

"እጇ እንደኔ እንዲሆን ነው ገንዘብ የምከፍለው?"

"ኧረ ወዲያ! ያንቺን ያደነደነው የሰው ቤት ሽንት ቤት ነው። ይሄ ዘፈን ነው፣ አንቺዬ!"

ሀጎፕ አማርኛው ባይገባውም ቦርሳው ሲዘጋ አይቷል። "የግራ እጅ ብቻ ነው፣ ማዳም። የጣት ጫፍ ብቻ።"

"ቀኙስ?"

"ቀኙ እንዳለ ይኖራል።" ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ "ግን ግራውን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፈው። የራሰ ጣት በክር ይሰነጠቃል። ክሎርማ ጨርሶ!"

መርየም ጣቷን ከክሩ ሳታነሳ እናቷን አየች። ነገ ጠዋት ፋናር ሰፈር የሚታጠብ ደረጃ አለ። ከሪማ ታጥባለች፣ መርየም ጨርቅ ትጨምቃለች። የምትወስዳት ለሥራው ብላ አይደለም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ልጇን ከዓይኗ አርቃ አታውቅም፤ ራሷ ስትታጠብ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው።

ከሪማ ቦርሳዋን እንደገና ከፈተች። በዋጋም አልተከራከረችም። "ሐራም ነው ሚስተር፣ ለልጅ ነው!" እያለች የጨርቅ መያዣውን ያስመረቀችው ሀረገወይን ናት።

ወጥተው በተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር መሄድ ጀመሩ። መርየም ጊታሩን ለማንም አልሰጥ ብላ በሁለት እጇ አቅፋዋለች።

"ነገ ፋናር ብቻዬን ነው የምሄደው" አለች ከሪማ። "ሀረግም ሥራ አላት። አንቺ ቤት ትቀሪያለሽ።"

ልጅቷ ቆመች። "ድሮኑ ከመጣስ?"

ከሪማ "አይመጣም" ልትል አፏን ከፈተች። አላለችም።

"በሀረግ አሮጌ ስልክ ትደውይልኛለሽ።"

"ካላነሳሽስ?"

"ባልዲውን ጥዬ አነሳለሁ።"

በገመድ ያንጠለጠለችውን የቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አወለቀችና ጊታሩን እንዳይነካ አድርጋ በልጇ አንገት አጠለቀችው።