ግማሽ ላይ የቆመች መርፌ

መኪናዋ ወደ ጋራዣችን የገባችው ማክሰኞ ማለዳ፣ በገመድ ተጎትታ ነው። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ከሦስት ቀን በፊት ምጥ የጠናባትን ሴት ይዛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሯ ፈልቶ ቆመች። ሌላ መኪና እስኪደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። እናቲቱም ፅንሱም አልተረፉም።

ከመኪናዋ ጋር አንድ ደብዳቤ መጣ። የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ የፈረመበት ነው። ሾፌሩ የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ መድረሱን እያየ በቸልተኝነት መንዳቱን ጋራዡ መርምሮ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። መልሱ እስከ ነገ ጠዋት ካልደረሰ ጉዳዩ ባለበት ሁኔታ ለዐቃቤ ሕግ ይመራል ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍርዱ ከምርመራው ቀድሞ ተጽፏል።

ሾፌሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ አባቴና የሙያ ጓደኞቻቸው ግን ቀስ ብለው ስለሚነዱ ኤሊ ነው የሚሏቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ ገና ከበሩ፣ «አንተ ኤሊ፣ ዛሬስ ስንት እግረኛ ቀደመህ?» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «ቀደመኝ እንጂ የጫንኩትን ሜዳ ላይ አልጣልኩም» ብለው ይመልሳሉ። ያን ዕለት ግን አባቴ ወንበር ሳበላቸው እንጂ አልቀለደም። እሳቸውም አልተቀመጡም።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያውን መርፌ አይተዋት ነበር?» አልኳቸው።

«አይቻታለሁ። ዳገቱ ላይ ጉልበት ሲያንሳት ሁለቴ ሦስቴ አየኋት። ግማሽ ላይ ነበረች።» መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ይመስለኛል። ልጅቷ ከኋላ ትጮሃለች፣ ነርሷ ፍጠን ትለኛለች። አሁን ሰው ሁሉ አላየህም ሲለኝ፣ እንጃ፣ እኔም ራሴን ማመን አቃተኝ።»

«ኧረ ተው፣ አንተ እኮ ቆመህም መርፌ የምታይ ሰው ነህ» አለ አባቴ።

«እስሩን አልፈራውም፤ ስንቱ ታስሮ ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። የገደላት ዐይኔ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።»

የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሱ ከጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዝዘኛል። «ከቀላሉ ጀምሪ፣ መሐንዲሷ» አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠራኝ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ፌዝ። «ሞተር ሲፈላ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ውዱ ዕቃ አይሁን።»

ከቀላሉ ጀመርኩ። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ነው፤ ውስጡ እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ አለ፤ ውሃው የዛገ ብረት ቀለም ይዟል። ቱቦዎቹ አላፈሰሱም። ቺንጋው አልላላም፣ አልተበጠሰም። ፋኑ በጣት ሲገፋ ያለ ችግር ይዞራል። ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት ነቅዬ በድስት ውሃ ውስጥ አፈላሁት፤ በሰዓቱ ተከፈተ። የቀረው የውሃው ፓምፕ ነበር። ከውጭ ሲያዩት መዘውሩ እንደ አዲስ ይሽከረከራል፤ ነቅዬ ስገለብጠው ግን ውሃውን የሚገፉት ክንፎች ዝገት በልቷቸው የጥፍር ቁራጭ አክለዋል። ለዓመታት በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል። ፓምፑ ይዞር ነበር፤ ውሃው ግን ባለበት ቆሞ ይፈላ ነበር።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አሯል። ማስመሪያ አስደግፌ ሳየው ብርሃን በሥሩ አለፈ፤ ብረቱ ተጣሟል። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀዋል።

ሞተሩ ለምን እንደፈላ ታወቀ። ጋሼ የጠየቁት ግን እሱን አልነበረም። ባትሪውን አገናኝቼ ጋቢና ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ።

መርፌዋ ከታች ተነሣች። ቀስ ብላ ወጥታ ግማሽ ላይ ቆመች።

ቁልፉን መልሼ አዞርኩት፤ ወደቀች። ደግሜ ስከፍተው ያንኑ ያህል ወጥታ እዚያው ቆመች። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ የሞተሩ ግማሽ አካል ውጭ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። እሷ ግን አሁንም ደህና ነው ትላለች።

በጀርባዬ ተንጋልዬ ከመሪው ሥር የእጅ ባትሪ አበራሁ። ሙቀት ከሚለካው የሞተሩ ሴንሰር የሚመጣው ሽቦ ተቆርጧል። በእሱ ፋንታ ከመርፌዋ የሚወርደው ሽቦ የጣት አንጓ በማታህል ሬዚስተር በኩል ከመኪናዋ አካል ጋር ተያይዟል። እንዲህ ሲደረግ መርፌዋ የምታነበው ሞተሩን ሳይሆን ያችን ሬዚስተር ነው። የሽቦው መጋጠሚያ በናስትሮ አልተጠቀለለም። በሰም በታሸ የጫማ ክር፣ ዙሩ በዙር ላይ እየተደረበ፣ በጥንቃቄ ታስሯል። ናስትሮ በሙቀት ይለቃል እያለ በክር የሚያስር መካኒክ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው።

ከመሪው ሥር ወጥቼ እጄን ሳልታጠብ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ የዚችን መኪና መርፌ ነክተሃት ታውቃለህ?»

ሲያስታውስ ከፊቱ ላይ አየሁት።

«ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነበር» አለ። «ገና ስትነሣ መርፌዋ ቀይ ላይ ትሰቀላለች። ምንም ሳትሞቅ። ኤሊ በየመቶ ሜትሩ ይቆማል፣ በሽተኛ ጭኖ ይወርዳል፣ ኮፈን ይከፍታል። አስተዳዳሪው ሥራ ጠልቶ ነው ብሎ ሊያባርረው ደረሰ። ዕቃው ታዘዘ። እስኪመጣ፣ ለአንድ ሳምንት ብዬ…»

«ለጋሼ ነግረሃቸዋል?»

«ብነግረው ጭራሽ አይነዳትም። ታውቂው የለ።» እጁን በእጁ ያዘ። «አንድ ሳምንት ነው እኮ ያልኩት። ዕቃው ቀረ፣ እኔም ረሳሁት። ቢመጣማ ትነግሪኝ ነበር።»

ይህን ሲል አልከሰሰኝም፤ አምኖኝ ነው የተናገረው። እኔ ግን ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄድኩ።

አባቴ ዱሮ የታዘዘ ዕቃ ሲመጣለት በካርቶኑ ላይ የባለቤቱን ቅጽል ስም ጽፎ፣ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ በሽቦ ያንጠለጥለው ነበር። ሲያጎነብስ አናቱን፣ ሲነሣ ግንባሩን ይመታዋል። ዕቃው መኪናው ላይ ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ እየተሳደበ ይሠራል። ተመርቄ ስመጣ ያ ሁሉ የሚንጠለጠል ካርቶን አሳፈረኝ። ምስማሮቹን ነቀልኩ፤ የብረት መደርደሪያ አስገባሁ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ሰጠሁ፤ መዝገብ ከፈትኩ። አባቴ ለመጣ ለሄደው፣ «መሐንዲሷ ዕቃ ቤቴን ቤተ መጻሕፍት አደረገችው፤ ቡሎን ለመዋስ መታወቂያ ማስያዝ ልጀምር ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር። ቁጥሮቹን ማንበብ ግን ለዐይኑ አይሆንለትም፤ ይህን እያወቅሁ ትልቅ አድርጌ አልጻፍኳቸውም።

አራተኛው መደርደሪያ፣ ሰባተኛው ረድፍ። ካርቶኑ እዚያ ነበር፤ በትክክለኛው ቦታው፣ አቧራ ለብሶ። የመኪናዋ ሰሌዳ ቁጥርና የደረሰበት ቀን በእኔ ጽሕፈት ሰፍሯል። አሥራ አራት ወር አልፎታል። ማሸጊያው አልተቀደደም።

ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። በእጄ የያዝኩትን አየ። ብዙ አላስረዳሁትም።

«መልሺው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አባዬ…»

«መልሺው አልኩሽ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያ ውሸት አይደለም። ዕቃው አልመጣም ብለሽ ጻፊ። እኔ ልፈርም። የእኔ እጅ እንደሆነ ቁልፍ መያዝ ትቷል፤ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ምን ይቀርብኛል? አንቺ ገና ነሽ። ሰው ዛሬ ስምሽን ካነሣ ተመልሶ አያስቀምጠውም።»

መለስኩት። ይህን አለባብሼ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን መልሼዋለሁ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ የምርመራ ውጤቱን ጻፍኩ። የፓምፑን ክንፎች፣ የተጣመመውን ቴስታታ፣ የሬዚስተሯን ነገር አንድ በአንድ አሰፈርኩ። መርፌዋ ከግማሽ በላይ መነሣት እንደማትችል፣ ሾፌሩም ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ እንዳልነበረ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ «የታዘዘው ሴንሰር እስካሁን ባለመድረሱ» የሚል ሐረግ ጨመርኩ። አራት ቃላት ናቸው። አባቴ በሚንቀጠቀጥ እጁ ፈረመ።

ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ጨርሰው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

«ግማሽ ላይ ነበረች» አሉ።

«ግማሽ ላይ ነበረች፣ ጋሼ። ሞተሩ ሲቃጠልም ግማሽ ላይ ነበረች።»

ያን ጊዜ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት።

«ትናንት የልጅቷ እናት ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አላየሁም ነበር አልኳቸው። ሰው ሁሉ ያለውን አልኩ። ዐይንህ ይፍሰስ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ጋሼ ወደ እሱ ዞሩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ አልነበረም።

«መቼም ሰው ነህ» አሉት። «ያኔ እንዳልባረር ብለህ ነው ያደረግከው፤ አይጠፋኝም። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ግን ዕቃው ካልመጣ ምን ታደርግ። እግዜር ይቅር ይበልህ። እኔ ትቼዋለሁ።»

«ያኑርህ» አለ አባቴ።

ቁጣ ቢሆን ዝም ብዬ እችለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ይቅርታ ግን እኔ በጻፍኳቸው አራት ቃላት ላይ የቆመ ነበር፤ የእኔንም ጥፋት ሸፍኖ ለአባቴ ብቻ የተሰጠ ነው። ተነሥቼ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ። ካርቶኑን አምጥቼ ጭናቸው ላይ ከነበረው ወረቀት አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ ተዪ እንጂ!» አለ አባቴ።

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሴንሰሩ ነው። መጥቶ ነበር። የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ረስቼው ነው።»

ቀኑን አነበቡ። በጣታቸው ወራቱን ሲቆጥሩ አየኋቸው፤ አንዱን እጅ ጨርሰው ወደ ሌላው ተሻገሩ፤ ደግመው ከመጀመሪያው ጣት ጀመሩ።

«ይህን ሁሉ ወር» አሉ። «በየሳምንቱ እዚህ እየመጣሁ። እዚህ በርጩማ ላይ እየተቀመጥኩ።»

«አዎ።»

«ቅድም ይሄን ወረቀት ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ልስላሴ ሄደ። እየሄደ አየሁት። ካርቶኑን አንሥተው ለእኔ አስያዙኝ፤ ወረቀቱን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አስተካክይው» አሉኝ።

አራቱን ቃላት ሰረዝኩ። ከላያቸው ሴንሰሩ የደረሰበትን ቀንና የእኔን ስም ጻፍኩ። ከአባቴ ፊርማ አጠገብ ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም አሳፈረኝ።

«እኔ ልሂድ» አለ አባቴ ከወንበሩ እየተነሣ። «አስተዳዳሪውም ጋ እኔ፣ ዐቃቤ ሕጉም ጋ እኔ ልሂድ። እሷ ልጅ ናት።»

«ወረቀቱን አንተ ለአስተዳዳሪው አድርስ» አሉት ጋሼ። «እሷ ከእኔ ጋር ትመጣለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አሜን ብዬ የወጣሁበት ቤት አለ። ያን ቃል የሚመልስልኝ ወረቀት አይደለም።»

እጄን ታጠብኩ። ዘይቱ ከጥፍሮቼ ሥር አልወጣም። ካርቶኑን ይዤ ተከተልኳቸው። እሳቸው ፊት፣ እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ገበያውን አቋርጠን፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ይዘን ሄድን። ሰዎች ለእሳቸው ሰላምታ አይሰጡም ነበር፤ ለእኔ ይሰጡ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ደጋግሜ አሰብኩ። ያሰናዳኋቸው ዐረፍተ ነገሮች በሙሉ ስለ እኔ የሚናገሩ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ጣልኳቸው።

ቤቱ ጋ ስንደርስ ከውስጥ የሴት ሳል ተሰማ። ጋሼ በሩን አንኳኩና፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉልኝ።