የበርሜሉ ጨው ውሃ

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የደም ግፊት እንዴት የሽማግሌ ይሆናል? ኔቬና መልሱን አላወቀችም። የእህቷን ልጅ የራዳን ግፊት በመለኪያ ማሽኗ ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቴም መቶ ሃምሳ በዘጠና አምስት።

«የታመመው ማሽንሽ ነው» አለች እህቷ ስቶያንካ ከምድጃው ሳትዞር። «ሰባት ዓመት ካናዳ ተምረሽ ይዘሽ የመጣሽው ይቺን ነው?»

«እትዬ፣ ልጅቷ ሲነጋም ሲመሽም ራሴን እያለች ነው።»

«ለሱማ መድኃኒት አለን።»

ስቶያንካ ምድር ቤት ወርዳ አንድ ማሰሮ የጎመን ጨው ውሃ ይዛ ወጣች። ክረምት በገባ ቁጥር በቭራጻ ከተማ ከየቤቱ በታች አንድ በርሜል ጥቅል ጎመን ይኮመጥጣል፤ ውሃው ለስካርም፣ ለጉንፋንም፣ ለራስ ምታትም ይጠጣል። ራዳ ብርጭቆዋን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች፤ በላዩ የቺፕስ ከረጢት ቀደደች።

ኔቬና ደነገጠች። «በቀን ስንቴ ትጠጪዋለሽ?»

«ባመመኝ ቁጥር። ሦስቴ፣ አራቴ።»

«ግፊትሽን የሚሰቅለው እሱ ነዋ!» አለች፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። ኩላሊትም ሊሆን ይችላል። «እትዬ፣ ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ልውሰዳት።»

«የትም አትሄድም! አያታችን ይህንን እየጠጣች ዘጠና ዓመት ኖራለች።»

«አባዬስ? በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሶ የሞተው?»

«የአባዬን ስም እንዳትጠሪ! ሲቀበር የት ነበርሽ?»

 ኔቬና ወደ ምድር ቤት ወርዳ የበርሜሉን ቧንቧ ከፈተች፤ ባልዲ አልደቀነችም። ጨው ውሃው እየተንዶለዶለ ወደ ወለሉ ቱቦ ገባ።

«አክስቴ! ምን እያደረግሽ ነው?» ራዳ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። «ጎመኑ ይበሰብሳል እኮ!»

«ይበስብስ።»

«የእያንዳንዱን ጎመን እምብርት ፈልፍዬ ጨው የሞላሁት በዚህ እጄ ነው! አንቺ ማን ነሽ? እንግዳ ነሽ!» ድምጿ ተሰበረ። «እማዬ እውነቷን ነው። አብደሻል።»

ስቶያንካ አልጮኸችም። የኔቬናን ካፖርትና ማሽን በረንዳው ላይ አስቀምጣ፣ እሷንም አስወጥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ስትደርስ የኔቬና ጣቶች አሁንም ጎመን ጎመን ይሸቱ ነበር። በስልኳ ጻፈች፦

«ራዳ፣ ስለ ጎመኑ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። እስከዚያ ራስሽን ቢያምሽ ንጹህ ውሃ ብቻ ጠጪ። እባክሽ።»

ሐሙስ እስኪመሽ ሐኪሙ በር ላይ ቆመች፤ ራዳ አልመጣችም። መልእክቱ ተነብቧል፤ መልስ ግን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።