ጠባሳው የሚያብጥበት ቀን

ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ሂባቅ እጁን ለቀም አድርጋ ገፈተረችው።

«ቀስ ይበሉ! ሰው ነኝ እኮ!»

ሸምገል ያለው ዶክተር ኤልሚ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ባሏ ዞረ። «መቼ መቼ ነው የሚያማት?»

ወርሰሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልፎ አልፎ ነው ዶክተር። ሥራ ስታበዛ። የግመል ወተት ተሸክማ ቡርኦ ገበያ ትውላለች፤ ምክር አትሰማም።»

ውሸታም! ስንቴ ነግራዋለች! ልጃቸው በቀዶ ጥገና ከተወለደች ወዲህ፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ጠባሳዋ ጫፍ ላይ እብጠት ተነስቶ እንደ እሳት ይለበልባታል። ደሟ ሲቆም ደግሞ ይሟሽሻል። እሷ ወንድ ሐኪም ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ቢያሳፍራት፣ «አንተ ንገርልኝ» ብላ ለምናው ነበር። እሱ ግን ከእሷ ብሶ በየሐኪሙ ደጅ ቃሉን ይውጠዋል። አንዱ ቅባት ሰጣት፣ ሌላው «ብርድ ነው» አላት፤ አማቷም አዋቂ ጠርተው በጋለ ብረት አስተኮሷት። ይሄ ሁሉ በእሱ እፍረት!

«ስፌቱ ውስጥ የቀረ ክር ይሆናል» አለ ሐኪሙ። «ጾሙም አድክሟታል። ከረመዳን በኋላ አምጣት።»

አምጣት! እንደ ፍየል!

ሂባቅ ከአልጋው ወረደች። ቀሚሷን አስተካክላ ጥግ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ ሄደችና ቧንቧውን ከፈተች። በእፍኟ ሞልታ ጠጣች። ደገመች።

ወርሰሜ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሳ። «ያ አላህ! አንቺ ሴትዮ አብደሻል? በቀን በብርሃን፣ በረመዳን?»

«አልጾምኩማ! ከትናንት ጀምሮ ወር አበባዬ ላይ ነኝ። አንተም ታውቃለህ፣ እናትህም ያውቃሉ። ሶላት በተውኩ ቁጥር ሆዴን ይዤ እጥፍ ስል ታያላችሁ! ሥራ ነው ትላለህ ደግሞ? አታፍርም?»

ወርሰሜ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«በየወሩ ነው?» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ እሷኑ ጠየቃት።

«በየወሩ! ደሜ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል።»

«በቀዶ ጥገናው ጊዜ ከማህፀንሽ የውስጥ ሽፋን ጥቂቱ ጠባሳው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። እንደ ማህፀን ሁሉ እሱም በየወሩ እዚያው ይደማል፤ መውጫ ስለሌለው ያብጣል። ይህን ቀደም ብዬ ሰምቼ ቢሆን...»

«ቢጠይቁኝ ይሰሙ ነበር።»

ሐኪሙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «በአልትራሳውንድ እናየዋለን። እሱ ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል» አለና ልማድ ሆኖበት ወደ ወርሰሜ ዞረ። «እንግዲህ አንተ ምን ትላለህ?»

ወርሰሜ አፉን ሳይከፍት ሂባቅ በሩን ከፈተችው።

«ውጭ ጠብቀኝ።»

«እኔን ነው? ባልሽ እኮ ነኝ!»

«ማን አይደለህም አለህ? ውጣ!»

ወጣ። በሩን ዘጋችና ወንበሩን ስባ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠች።

«አሁን እኔን ይጠይቁኝ» አለች።