የቦሩ ሜዳ መብራት በላፕቶፕ ላይ

ሁዘይፋ በፍላሽ የተቀበለውን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ ተሰብሮ ክራክ የተደረገ የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም በኩራት ከፈተ። «ይኼ ፈረንጅ በዶላር የሚገዛው ነው። ነፃ ነገር ሰደቃ ነው እንጂ ሥራ ይሆናል?»

ደሴ ፒያሳ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አብራው የምትሠራው ሱሀይላ ግን ኪካድ የተባለውን ነፃ የመንደፊያ ፕሮግራም መርጣለች። ሁለቱም በየላፕቶፓቸው የነደፉት የአንድ የዕንቁላል መፈልፈያ ማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። የማሽኑ ባለቤት እትዬ የኔነሽ ከቦሩ ሜዳ መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። የቀድሞው ቦርድ ተቃጥሎ ጫጩቶቻቸው ቅርፊታቸው ውስጥ እንዳሉ ሞተውባቸዋል።

ሁዘይፋ በላፕቶፑ ላይ ያደረገው ሙከራ በማይዋዥቅ 220 ቮልት ያለ እንከን አለፈ። «አየሽ!»

«እንዲህ ያለ መብራት ቦሩ ሜዳ የት አለ?» አለች ሱሀይላ። «እትዬ፣ እርስዎ ሰፈር እንዴት ነው?»

«ወፍጮው ሲነሳ ይዳከማል፤ ሲቆም ደግሞ እንደ እብድ ይዘላል።»

ሱሀይላ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ቮልቱን እንደዚያው ከፍ ዝቅ እያደረገች ሞከረችው። ስክሪኑ ላይ የማሞቂያው ማብሪያ ይበራ ይጠፋ ጀመር።

ሁዘይፋ ሳቀ። «ሰደቃሽ ተበላሸ!»

«ፕሮግራሙ ደኅና ነው። የተበላሸው ንድፋችን ነው፤ ያንተም የእኔም። የቀድሞውን ቦርድ ያቃጠለው ይኸው መዋዥቅ ነው።» ኃይሉን የሚያረጋ ካፓሲተር ጨመረችና እንደገና ሞከረች። ስክሪኑ ላይ የቮልቱ መስመር ቀጥ አለ፤ ማብሪያውም ረጋ።

ሁዘይፋም የራሱን ንድፍ ሊያስተካክል ሲል ፕሮግራሙ የፈቃድ ቁልፍ ጠየቀው፤ ንድፉም አብሮ ተዘጋበት።

«ወላሂ፣ በሰው ፊት አዋረደኝ!»

«ና፣ ወንበርህን ሳብ። ቦርዱን የሚያትምልን የኮምቦልቻው አብዱልባሲጥም ይህን የኪካድ ንድፍ ማንንም ሳያስፈቅድ ይከፍተዋል።»

ሁዘይፋ ወንበሩን ሳበ።

«እንግዲያው ዕንቁላሉን ማጠራቀም ልጀምር?» አሉ እትዬ የኔነሽ።

«ይጀምሩ እትዬ» አለች ሱሀይላ፣ ንድፉን ወደ ኮምቦልቻ እየላከች።