ሆዴ ላይ የተቀመጠው መጽሐፍ

የልጅ ልጄ ካልተዘፈነለት አይተኛም። አባቱ ሲዘፍንለት ወዲያው ዓይኑ ይከደናል፤ እኔ ሳቅፈው ግን አፍጦ ያየኛል። አንድ ቀን ልጄ ጡጦ እያጠበች፣ «አንቺ እኮ ለእኔም እሹሩሩ ብለሽ አታውቂም» አለችኝ። ነገር ፈልጋ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀውን እንደምትናገር ነበር ያለችው። አንጀቴን የቆረጠው እሱ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስና ሰው ዝም ማሰኘት ነው። በሹክሹክታ ስኖር ድምፄ የት እንደገባ እንጃ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር፣ ቤቷ ዘፈን የምታስተምር አንዲት ሴት ጋ ሄድኩ።

ፒያኖ አጠገብ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የምዘፍን መስሎኝ ነበር። አስተማሪዋ፣ ከልጄ የማትበልጥ ወጣት፣ መጀመሪያ ውሃ አጠጣችኝ። ከዚያ ከንፈሬን እንደ ፈረስ እንዳርገበግብ አዘዘችኝ። እሺ ብዬ አርገበገብኩ። ቀጥላ ራሷ አንድ ረጅም ድምፅ ለቀቀችና እንድከተላት ጠበቀች። ጣቴ ሳያማክረኝ ከንፈሬ ላይ ወጣ፤ «ሽሽሽ» አልኳት።

ደግነቱ ሳቀች። ደጋግማ ብትሞክረኝም ከአፌ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እሱም ቢሆን ሆዴ ድረስ እንደማይወርድ ነገረችኝና ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ አስተኛችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ወለል ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ከመደርደሪያዋ ወፍራም መጽሐፍ አምጥታ ሆዴ ላይ አስቀመጠች። በደንብ ከተነፈስኩ መጽሐፉ ከፍ ዝቅ ይላል ተብሏል።

እውነትም ከፍ አለ። ከፍ ሲል ወደ ፊቴ በዞረው ጀርባው ላይ የተለጠፈች የቤተ መጻሕፍት ቁጥር ያለባት ወረቀት አየሁ። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የራሴን ሰባት መቼም አልስተውም። ስንቱን አንባቢ «ጠፍቷል» ብዬ የመለስኩበት የዕፅዋት መጽሐፍ ነው።

«ይሄ የእኛ ነው!»

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። አስተማሪዋ ታፍራለች ብዬ ስጠብቅ በደስታ አጨበጨበች።

«ድምፅዎ እሱ ነው። አይልቀቁት።»

«መጽሐፉስ?»

«ልመልሰው ስል ስል ነው የቆየው፤ ሲሄዱ ይውሰዱት። አሁን ‹ነው› የምትለዋን ያስረዝሙልኝ።»

አስረዘምኩት። ጎረቤቱ እንደገና ደበደበ። ሌላውን ዝም ሳሰኝ ኖሬ እኔም በተራዬ ዝም በይ ተባልኩ፤ ደስ ሲል።

አመሻሹ ላይ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ልጄ ቤት ሄድኩ። ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላለች። ሕፃኑን ተቀብያት፣ ከሆዴ ተንፍሼ መዝፈን ጀመርኩ። የዘፈን ግጥም ስለማላውቅ ከመጽሐፉ የዕፅዋት ስም በዜማ እደረድር ነበር። ሕፃኑ እንደ ልማዱ አፈጠጠብኝ። እስከ መጨረሻው ገጽ ብዘፍንለትም የሚተኛ አይመስልም።

ተስፋ ቆርጬ ለእናቱ ልመልሰው ዞር አልኩ። ልጄ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

እንባዬ መጣ። ሕፃኑን እንዳቀፍኩ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ለእሷ መዝፈኔን ቀጠልኩ።