ከላሟ በፊት የተነገረ ጉዳይ

ምንይችል ለሽምግልና የተፈጠረ ሰው ነው። አዘና ውስጥ ልጅ የሚጠይቅለት፣ ሚስቱን የሚያስታርቅለት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ሲገባ ከብቱን ይጠይቃል፣ ዝናቡን ያነሳል፣ የሞተውን ነፍስ ይማር ይላል። የመጣበትን ጉዳይ የሚያወጣው የቤቱ ባለቤት ጨንቆት «ኧረ ለመሆኑ በደህና ነው?» ብሎ ሲለምነው ብቻ ነው። ወግ ያለው ሰው እንዲህ ነው! ዘው ብሎ ጉዳዩን የሚዘረግፍማ ፖሊስ ነው።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ይሄ ሁሉ ወግ ዶክተር ዮዲት ፊት ውሃ በላው። ምንይችል አዘና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ከሠራ በኋላ፣ አሁን እንጅባራ እየኖረ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል፤ እሷ ደግሞ የምርምር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ የምታስተምር ናት። ፕሮፖዛሉን ሁለት ጊዜ መልሳበታለች። ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ አለቀ።

«አስራ ሁለት ገጽ አነበብኩልህ» አለችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ወረቀቱን እያገላበጠች። «ገጽ አንድ ላይ የዓለም ሕዝብ ብዛት። ገጽ ሦስት ላይ ድንች ከየት አገር እንደመጣ። ገጽ ሰባት ላይ ኢትዮጵያ ደረስን፣ ተመስገን! አስራ አንድ ላይ አዘና ገባን። ቆይ፣ አንተ ምን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«እሱማ ከኋላ ይመጣል ዶክተር።»

«ከኋላም ፈለግኩት፤ የለም።»

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ይሆናል» አለ። እውነትም ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ አፉን የፈታው በአውኚ፣ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው።

«እንግሊዝኛህን ተወው፣ እሱ ይታረማል። ውጭ ባጃጅ እየጠበቀህ ነው እንበል። አንድ ነገር ብቻ ተናግረህ ትሄዳለህ። በፈለግከው ቋንቋ በል።»

ምንይችል ላብ ላብ አለው። የሚናገረውን ከማንም በላይ ያውቀዋላ! ከሦስት ዓመት በፊት የአዘናን ገበሬ ሰብስቦ «የዘር ድንቻችሁን ቶሎ ቆፍራችሁ በጆንያ ቤት አስገቡ» ብሎ የመከረው እሱ ነው። የአርባ ቤት ድንች በሰበሰ። ጋሼ ገበየሁ ብቻ ነገሩ ስላላማራቸው ግማሹን እዚያው አፈር ውስጥ ትተውት ነበርና፣ በኋላ መንደሩን ዘር ያካፈሉት እሳቸው ናቸው። ታዲያ አንድም ሰው ምንይችልን አልወቀሰውም፤ እነሱም እኮ ወግ አዋቂዎች ናቸው። ሲያገኙት ስለ ዝናብ ያወሩታል። እሱም ስለ ዝናብ ይመልሳል። ይሄ ዝናብ ከድብደባ ይብስ ነበር።

«የኔ ምክር የአርባ ቤት ድንች አበሰበሰ» አለ በመጨረሻ። «ልክ የነበሩት ጋሼ ገበየሁ ናቸው። ለምን ልክ እንደሆኑ ማጥናት እፈልጋለሁ።»

ዶክተር ዮዲት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ! ይሄን ነው አስራ ሁለት ገጽ ሙሉ ቀብረህ ያቆየኸው? በል አሁኑኑ በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ አናቱ ላይ።»

ጻፈው። አጭር ሆነ።

«እኒህ ጋሼ ገበየሁ ስማቸው እንዲነሳ ፈቅደዋል?» «አልጠየቅኳቸውም» አለ። «ሳይፈርሙ አላሳልፍህም። ሰኞ ጠዋት ፊርማቸውን ይዘህ ና።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምንይችል አዘና ደረሰ። ሚኒባስ ውስጥ ሙሉ መንገዱን ሰላምታ ሲያሰናዳ ነበር፤ ከጋሼ ገበየሁ ላም ይጀምራል፣ ወደ ዝናቡ ይሻገራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ። ጋሼ ገበየሁ አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኛቸው።

«ደህና ሰነበትክ ልጄ? እናትህ ደህና ናት? ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው?» አሉት በአውኚ።

ዝናቡ ሲነሳ ምንይችል ያሰናዳውን ሰላምታ ሁሉ ተወው።

«ጋሼ፣ ድንቹን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ነበሩ ልክ። ይቅርታ ልጠይቅና፣ ስምዎን ጽሑፌ ላይ እንዳነሳ ወረቀት ላስፈርምዎት ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ገበየሁ የያዙት እንጨት ከእጃቸው ወደቀ።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ? ገና ስለ እናትህ ስጠይቅህ!»

«ጉዳይ መጀመሪያ ይነገራል ብላ አስተማሪዬ ነግራኝ ነው።»

ሽማግሌው ትን እስኪላቸው ሳቁ። አጥሩን ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዓይናቸው የረጠበው ግን በሳቅ ብቻ አልነበረም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ስናወራ፣ ዝናቡም እኮ ሰለቸው! እኔ የድንቹ ነገር መቼ ቆጨኝ? አንተ እንደ እንግዳ ደጅ ደጁን ስትሄድብኝ ነው የከፋኝ። አምጣ ወረቀትህን።»

አንዷን ፊደል ከሌላዋ እየለዩ፣ ሳይቸኩሉ ፈረሙ። ወረቀቱን መለሱለትና የአጥሩን በር ወለል አድርገው ከፈቱ።

«በል ግባ። ያስተማረችህን ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ግን እኔ ቤት በሷ ደንብ አንገባም፤ ሰላምታዬን አልመለስክልኝም።»

 ምንይችል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ከላሟ ጀመረ።